«ፕሌስ» ማለት ምን ማለት ነው? ወይስ መጠየቅ ነውር ሆነ?

ባለፈው ዕትም «ዘ ስቲንግ» ስለሚባለው ፊልም አንድ ወንድማችን የጻፈውን አነበብን። አንዴ ብቻ አይደለም፤ ተቀባብለን ሦስት ጊዜ አነበብነው። ጽሑፉ ሲጨመቅ የሚለው ይህን ነው፦ ፊልሙ መጨረሻው ላይ ይፈርሳል፤ ያን ያህል ብልጥ የተባለ ወንበዴ በአንዲት ቃል ምክንያት ግማሽ ሚሊዮን ዶላር መጣሉ አይታመንም፤ የፌዴራል ፖሊሶቹም ነገር ተመልካቹን ዓይኑ እያየ መዋሸት ነው፤ ይህን ለመፍታት የሚደክም ተማሪ ደግሞ ሥራ ፈት ነው።

እንግዲያው ሥራ ፈቶቹ እኛ ነን። ስማችን ይመዝገብልን።

ፊልሙን ያየነው በመኝታ ክፍላችን፣ ስምንት ሆነን፣ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ እንደ በግ ተጠጋግተን ነው። ግማሹ ከታችኛው አልጋ ላይ፣ ግማሹ መሬት ላይ። መጨረሻው ላይ ያ የቴሌግራፍ ቤት ሰው መስሎ የሚተውነው ሰው ከወንበዴው አጠገብ ተቀምጦ ሲደነግጥ ሁላችንም ሳቅን። ከልባችን ሳቅን። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ አንዱ ጓደኛችን፣ ከሁላችንም ዝምተኛው፣ «ቆይ፣ ምንድነው ያሳቃችሁ?» አለ። ጸጥ! አንዳችንም መልስ አልነበረንም። ስምንት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተምረናል የምንል፣ የሳቅነው ሌላው ስለሳቀ ነበር። የመጀመሪያው ሳቂ ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በዚያች ሌሊት ፊልሙን መልሰን አየነው። ያገኘነውን እዚህ እንጽፋለን። ወንድማችን «ፈረሰ» ያለው ግድግዳ የቤቱ ምሰሶ ሆኖ ነው ያገኘነው።

በመጀመሪያ ነገሩን ላላየ እናስረዳ። ፊልሙ በ1973 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ፣ ጆርጅ ሮይ ሂል ያዘጋጀው፣ ዴቪድ ዋርድ የደረሰው ነው። የዓመቱን ምርጥ ፊልም ጨምሮ ሰባት ኦስካር አግኝቷል። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1936 በኢሊኖይ፣ በጆሊየትና በቺካጎ ከተሞች ነው። ጆኒ ሁከር (ሮበርት ሬድፎርድ) የተባለ ወጣት ሞላጫና ሉተር የተባለ ጥቁር መምህሩ አንዱን መንገደኛ አታለው ገንዘቡን ይወስዳሉ። ገንዘቡ ግን የወንበዴዎች አለቃ የዶይል ሎኔጋን (ሮበርት ሾው) ሆኖ ይገኛል። ሎኔጋን ሉተርን ያስገድላል። ሁከር ደም ለመመለስ ሄንሪ ጎንዶርፍ (ፖል ኒውማን) ወደሚባል አንጋፋ አጭበርባሪ ይሄዳል። በጥይት መግደሉን አያውቁበትም፤ የሚያውቁት መሞለጭ ነው።

ስለዚህ አንድ የውርርድ ቤት ያቋቁማሉ። ቤቱ ውሸት፣ ደንበኛው ውሸት፣ ገንዘብ ተቀባዩ ውሸት፣ የፈረስ ውድድሩን በድምፅ ማጉያ የሚያነበው ሰው ውሸት። ለሎኔጋን የሚነገረው ወሬ ደግሞ ይህ ነው፦ በቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰው አለን፤ የውድድሩ ውጤት ወደ ውርርድ ቤቶች ከመተላለፉ በፊት ጥቂት ያዘገየውና አሸናፊውን በስልክ ይነግረናል፤ አንተ ያለቀ ውድድር ላይ ትወራረዳለህ። ሎኔጋን ሞከረው፤ በላ። ደግሞ ሊሞክር ሲል ሰልፍ አስረዝመው ከመስኮቱ ሳይደርስ አስቀሩት፤ ውጤቱ ግን እንደተባለው ሆነ። ሰውየው ተቃጠለ። በመጨረሻ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር በሻንጣ ይዞ መጣ። ስልኩ ጮኸ። የተነገረው አጭር ነው፦ «ፕሌስ ኢት ኦን ላኪ ዳን።» ሎኔጋን ሮጦ ላኪ ዳን አንደኛ ይወጣል ብሎ ብሩን ሁሉ አስያዘ። ውድድሩ እየተነበበ ሳለ ያ የቴሌግራፍ ቤት ሰው ተብዬ መጥቶ አጠገቡ ይቀመጣል። አንደኛ ይወጣል ብሎ እንዳስያዘ ሲሰማ ደም ሥሩ ይገታተራል፦ እኔ እኮ «ፕሌስ» ነው ያልኩህ፤ ፈረሱ ሁለተኛ ነው የሚወጣው!

እኛ የሳቅነው እዚህ ላይ ነው፤ ያልገባንም እዚሁ ላይ ነው።

አሁን ወደ ቃሉ። በአሜሪካ የፈረስ ውርርድ በሦስት መንገድ ይያዛል። «ዊን» ብለህ ካስያዝክ ፈረስህ አንደኛ መውጣት አለበት። «ፕሌስ» ካልክ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ከወጣ ትበላለህ። «ሾው» ካልክ ከሦስቱ ውስጥ ከገባ ይበቃሃል። ነገር ግን «ፕሌስ» በተራው እንግሊዝኛ «አኑር፣ አስቀምጥ» ማለት ነው፤ ውርርድ ማስያዝም በዚሁ ግሥ ይነገራል። እንግዲህ በስልክ የመጣው ዓረፍተ ነገር ሁለት ፊት አለው። አንዱ፦ «ገንዘቡን ላኪ ዳን ላይ አስይዝ።» ሁለተኛው፦ «ላኪ ዳን ሁለተኛ ይወጣል ብለህ አስይዝ።» ነገሩ እንግሊዝኛ ስለማናውቅ ብቻ እንዳይመስለን። በእንግሊዝ አገር ይኸው ቃል እንደ ተወዳዳሪው ፈረስ ብዛት ሦስተኛንና አራተኛንም ይጨምራል፤ ስለዚህ የለንደን ሰው እንኳ ለአፍታ ቢደናገር አይፈረድበትም።

ወንድማችን «በአንዲት ቃል ምክንያት» ሲል ቃልን ማቃለሉ ነው። በሥነ ጽሑፍ ገጽ ላይ ይህ ሲጻፍ ዝም ማለት አልቻልንም። ኅብረ ቃል የሚባለውን ነገር ከእኛ የበለጠ ማን ሊያውቀው? በልጅነታችን ሰሙን ሰምተን ስንስቅ ወርቁን የሰማው አጎት ጢሙ ሥር የሚስቅብን እኛው አይደለንም? ሎኔጋን የገጠመው ይህ ነው። ሰሙን ሰማ፤ ወርቁ አመለጠው።

ሆኖም ነገሩን በዚህ ብቻ ዘግተን ብንሄድ እኛም አጭበርባሪ እንሆናለን። ቅኔና ማጭበርበር አንድ አይደሉም። ባለ ቅኔው ቃሉን ሲጥልልህ ጊዜ ይሰጥሃል። ታስባለህ፣ ትመላለስበታለህ፣ ሲፈታልህ ደስታው የጋራ ነው። አጭበርባሪው ግን ቃሉን የሚጥልልህ ጊዜውን ከወሰደብህ በኋላ ነው። ሎኔጋን ስልኩን ዘግቶ መስኮቱ ጋ እስኪደርስ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ከዚያ በፊት ደግሞ ሰልፍ አስረዝመው አስቀርተውታል፤ «ከዘገየሁ አጣዋለሁ» የሚል ፍርሃት ውስጡ ተክለዋል። ቀደም ሲል የተነገሩት ፈረሶች ሁሉ እንደተባለው ወጥተዋል፤ ስለዚህ ጆሮው የፈረስ ስም ብቻ እንዲሰማ ሠልጥኗል። የፈረሱን ስም ሰማ፣ ሮጠ። ታዲያ ይህ ሰው ጅል ነው? ኧረ በጭራሽ! ይህ ሰው የተጣደፈ ሰው ነው። ብልጥ ሰው ሲጣደፍ ከጅል አይለይም።

አንድ ጓደኛችን ይህን ቦታ በአማርኛ ለመተርጎም ሞክሮ ነበር። «አስይዘው» ቢል ሁለተኛው ትርጉም ይጠፋል። «አስከትለው» ብሎ ነበር፤ ገንዘቡን አስከትል፣ ፈረሱም ተከታይ ሆኖ ይገባል ለማለት። ሳቅንበት። ውርርድ የሚወራረድ ሰው እንዲህ አይናገርም፤ ቃሉ ከሩቅ ሲመጣ ይታወቃል፣ ሎኔጋንም ቢሆን ይነቃ ነበር። ጥሩ ኅብረ ቃል ተራ መስሎ መምጣት አለበት። ፊልሙ የመረጠው ቃል ከተራም ተራ ነው፤ ብልሃቱም እዚያ ላይ ነው።

ቀጥለን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ውድድሩ ሁሉ ውሸት ከሆነ፣ አንባቢውም የራሳቸው ሰው ከሆነ፣ ይህ ሁሉ የቃል ጣጣ ለምን አስፈለገ? ፈረሱ ተሸነፈ ብሎ ማንበብ አይበቃም ነበር?

አይበቃም። ምክንያቱን በተራ እንቁጠር።

ፈረሱ ዝም ብሎ ቢሸነፍ ጥፋቱ የጠቋሚው ይሆናል። ሎኔጋን «የተሳሳተ ወሬ ሰጣችሁኝ» ብሎ ሁከርን ይይዛል፤ ሉተርን ያስገደለ ሰው ሁከርን ለማስገደል አይለምንም። ገንዘቡን በመሣሪያ ቢነጥቁት ደግሞ እስከ መቃብር ያሳድዳቸዋል። ጎንዶርፍ ገና ከመጀመሪያው ያስጠነቀቀውም ይህን ነው፤ ገንዘቡን ከወሰድን በኋላም ቢሆን መታለሉን ማወቅ የለበትም ይላል። እንግዲህ ገንዘቡ መጥፋት አለበት፤ ጥፋቱ ግን የማንም መሆን የለበትም፤ ከሎኔጋን በቀር። ይህን ማድረግ የሚችለው ቃሉ ብቻ ነው። ወሬው ትክክል ነበር፤ ጠቋሚው ታማኝ ነበር፤ የተሳሳተው የእሱ ጆሮ ነው። ሰው ሌላውን ይገድላል፤ የገዛ ጆሮውን ግን ምን ያደርገዋል?

ሰዓቱንም ልብ በሉ። ሰውየው ስህተቱን የሚነግረው ውድድሩ ካለቀ በኋላ አይደለም፤ እየተነበበ ሳለ ነው። ለምን? ካለቀ በኋላ ቢሆን ሎኔጋን የተሸነፈ ሰው ነው፤ ቁጭ ብሎ ያስባል። አሁን ግን ያልተሸነፈ፣ ሊሸነፍ የሆነ ሰው ነው፤ ስለዚህ ብድግ ይላል፣ ወደ መስኮቱ ይሮጣል፣ ገንዘቤን መልሱ ብሎ ይጮኻል። ማሰብ በሚገባው ደቂቃ ይጮኻል። በዚያችው ደቂቃ በሩ ተበርግዶ ፖሊሶቹ ይገባሉ።

«ቃሉ ቢገባውስ? በትክክል ሁለተኛ ብሎ ቢያስይዝስ?» ብላችሁ ትጠይቁን ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኛም አንድ ሌሊት ተጣልተንበታል። መልሳችን እንዲህ ነው። ውድድሩ ወረቀት ላይ ያለ ውድድር ነው፤ ፈረሱን የሚያሮጠው የአንባቢው አፍ ነው። ሎኔጋን ምን እንዳስያዘ የሚያውቁት ገና ንባቡ ሳያልቅ ነው። የፖሊሶቹም መግባት በእነሱው እጅ ነው። ሎኔጋን ቃሉን ቢፈታው ኖሮ ቀልዱ ይቀር ነበር፤ ገንዘቡ ግን ከዚያ ቤት አይወጣም ነበር። ቃሉ አንደኛው መቀርቀሪያ ነው፤ ፖሊሶቹ ሁለተኛው ናቸው። ሥራውን የሚያውቅ ሌባ በአንድ መቀርቀሪያ አይተማመንም።

ወደ ፖሊሶቹ እንለፍ። ወንድማችን በጣም የተቆጣው እዚህ ላይ ነው። በፊልሙ ውስጥ ፖልክ የሚባል የኤፍ.ቢ.አይ. አለቃ አለ። ሁከርን አስፈራርቶ ጎንዶርፍን እንዲያሲዝ ያስማማዋል። በመጨረሻው ሰዓት ፖልክ ሁከርን «አንተ መሄድ ትችላለህ» ሲለው ጎንዶርፍ መከዳቱን ያውቃል፤ ሁከርን ከጀርባው ይተኩሰዋል፤ ፖልክም ጎንዶርፍን ይተኩሰዋል። ሁለት ሬሳ። ሎኔጋንን መቶ አለቃ ስናይደር የሚባለው ጉቦኛ ፖሊስ እየጎተተ ያወጣዋል። «ገንዘቤ እዚያ ውስጥ ነው!» ይላል ሎኔጋን፤ ሬሳም አለ፣ ከዚህ ጋር ስምህ መነሣት የለበትም ይባላል። ሲወጡ ሬሳዎቹ ተነሥተው አቧራቸውን ያራግፋሉ። ፖልክም ፖሊስ አልነበረም፤ ከእነሱው አንዱ ነው።

ወንድማችን «ይህ ተመልካቹን መዋሸት ነው» አለ። እኛ እንዲህ እንላለን፦ መልሰህ እየው። የፖልክ ሰዎች መጀመሪያ የሚቀርቡት ወደ ማን ነው? ወደ ስናይደር። ሁከርን ይዞ ፖልክ ዘንድ የሚያመጣው ማን ነው? ስናይደር። ይህ ስናይደር ማለት ገና በመጀመሪያ ሁከርን ጉቦ አምጣ ብሎ ሲያስጨንቀው ሐሰተኛ ገንዘብ የተሰጠውና ከዚያ ወዲህ እንደ ውሻ እያነፈነፈ የሚከተለው ነው። ሥራቸውን ሊያበላሽ የሚችል ሰው ቢኖር እሱ ነው። ስለዚህ እሱንም የሚያታልል ሌላ ተውኔት አስፈለገ። ያ ተውኔት ስናይደርን ከመንገድ ማስወገድ ብቻ ሳይሆን ሎኔጋንን ከቤቱ የሚያወጣ በሬ አደረገው። የራሱ ጠላት፣ ያለ ደሞዝ! ለተንኮል ከዚህ በላይ ቁጠባ አለ?

ሬሳ መስሎ መተኛቱም ቢሆን ደራሲው ከሰማይ ያወረደው አይደለም። ዴቪድ ሞረር የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር የአጭበርባሪዎችን ቋንቋ ሲያጠና ኖሮ በ1940 «ዘ ቢግ ኮን» የሚል መጽሐፍ አሳትሟል። በቴሌግራፍ ሽቦ ስም የሚደረገው ማታለል እዚያ አለ። ባዶ ጥይት ተተኩሶ፣ በአፍ የተያዘ የዶሮ ደም ሲፈነዳ ሰለባው ፈርቶ እንዲሸሽ የሚደረግበትም ዘዴ እዚያ አለ። ሞረር ፊልሙ ከወጣ በኋላ ከሥራዬ ተወስዷል ብሎ ከስሷል፤ ነገሩም በስምምነት አልቋል። እኛን የደነቀን ይህን ሁሉ የሰበሰበው ፖሊስ ሳይሆን የቋንቋ ሰው መሆኑ ነው። ቃሉን ሲያጠና ሥራውን አወቀው። «አንዲት ቃል» የሚሉ ይስሙ!

እንመን፤ ወንድማችን በአንድ ነገር እውነት አለው። ከመጨረሻው ቀን በፊት ባለው ሌሊት ሁከር የሚያሳየው ፊት የከዳተኛ ፊት ነው። እዚያ ስናይደር የለም፣ ሎኔጋንም የለም፤ ያን ፊት የሚያየው ተመልካቹ ብቻ ነው። በዚያ ትዕይንት ፊልሙ እኛኑ አታሏል። ነፍሰ ገዳይ የሚያሳድደው ሰው ፊቱ ቢከፋ ምን ይገርማል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አያወጣም። እንቀበላለን።

ነገር ግን ፊልሙ አታላይ መሆኑን መቼ ደበቀ? ታሪኩ የ1936 ሆኖ ሳለ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚሰማው በ1917 የሞተው የስኮት ጆፕሊን ፒያኖ ነው። ምዕራፎቹን ሳይቀር በሞላጮች ቃል እየሰየመ ጽፎ ያሳየናል። ስሙ ራሱ «ንድፊያ» ነው። ንድፊያ የሚባል ቤት ገብቶ ለምን ተነደፍኩ ማለት ምን ይባላል? በሎኔጋን ወንበር ላይ ባንቀመጥ ኖሮ በሎኔጋን ስቀን እንሄድ ነበር። ሌባን ሌባ ቢሰርቀው እንዴት ይደንቀው ብለን፣ ንጹሕ ነን ብለን። ፊልሙ ግን «አንተስ ነቅተሃል?» ብሎ ይጠይቃል።

ባቡር ላይ ያለውን የፖከር ጨዋታ አስታውሱ። ሎኔጋን ካርታ ደብቆ ሊያታልል ሲል ጎንዶርፍ ከእሱ በላይ ያታልለዋል። ሎኔጋን ያውቃል፤ ግን ምን ብሎ ይናገር? ከእኔ የተሻለ አጭበረበረ ብሎ በሰው ፊት ይክሰስ? ኩራቱ አፉን ዘጋው። የፊልሙ ቁልፍ ከተባለ ይኸው ነው። ሎኔጋንን ሁለት ነገሮች ጣሉት፤ ጥድፊያና ኩራት። አንደኛው እንዳይጠይቅ፣ ሁለተኛው እንዳይናገር አደረገው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን። ወንድማችን «ሥራ ፈት» ያለን እዚህ ላይ ስለሆነ።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሳለን አንድ ፈተና ቀረበልን። ጥያቄው «አካውንት ፎር» ብሎ ይጀምራል። ይህ ማለት ምክንያቱን አስረዳ ማለት ነው። እኛ ግን «አካውንት» የምናውቀው የባንኩን ነው፤ ቢበዛ ታሪክ መተረክን። ከአርባ በላይ ነበርን። እጁን አውጥቶ «ይህ ምን ማለት ነው?» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ሰዓቱ ይሮጣል፤ የጎረቤት እስክሪብቶ ይሮጣል፤ እኛም ሮጥን። አንዱ ቁጥር ደረደረ፣ ሌላው ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ ተረከ። ውጤቱ ሲለጠፍ ብዙዎቻችን ወደቅን። ከዚያ በኋላም በየመኝታ ክፍላችን «ፈተናው ከብዶ ነው» እንጂ «ቃሉ አልገባኝም ነበር» ያለ አልተገኘም። እኛም ጭምር አላልንም። ይኸው ዛሬ ገና ማለታችን ነው።

መምህሩ አጭበርባሪ አልነበረም፤ ጥያቄውም ወጥመድ አልነበረም። ግን ልብ በሉ፤ ለመውደቅ አጭበርባሪ እንኳ አላስፈለገንም። ጥድፊያውንም ኩራቱንም ራሳችን ይዘን ገባን። ሎኔጋን ግማሽ ሚሊዮን ዶላሩን ያስያዘበት መስኮት ላይ እኛ አንድ ሴሚስተር አስያዝን።

ስለዚህ ወንድማችን ሆይ፣ ስለ «ፕሌስ» የምንደክመው ለፈረስ አይደለም። በዚያች ሌሊት «ምንድነው ያሳቃችሁ?» ያለው ጓደኛችን ከስምንታችን ያልተሞለጨው እሱ ብቻ ነበር። ሁላችንም ሰባት ድምፅ ሆነን ስንስቅ፣ አለመሳቅ ከባድ ነው። አንተ በጽሑፍህ ለእሱ ያዘጋጀህለት ስም «ሥራ ፈት» የሚል ነው። ነገ በክፍል ውስጥ እጁን ሊያወጣ ሲል ይህ ስም ትዝ ይለውና እጁን ያወርዳል። ከዚያ ማን ይጠቀማል? አንተም አትጠቀምም፤ ያልገባህ ቀን የሚጠይቅልህ አታገኝምና።

ፊልሙ ፈርሷል ያልከውን እኛ አልፈረሰም ብለናል፤ ያመንንልህንም ሳንደብቅ አምነናል። ቀዳዳ የቀረ ካለ አሳየን። መልስህን በሚቀጥለው ዕትም እንጠብቃለን፤ የማባዣውን ወረቀት ድርሻችንን እናዋጣለን። ሌላው ቢቀር አንድ ነገር ቃል እንገባለን፦ ከጽሑፍህ ውስጥ ያልገባን ቃል ቢኖር ሳንስቅ እንጠይቅሃለን።